ከግንቡ ማዶ ላሉት ስንሰፋ

መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አራት ጊዜ ሞክሬ ያቃተኝ ዕለት ጡረታ ወጣሁ። ደብዳቤ የጻፈልኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ሽኝትም አልተደረገልኝም። መርፌውን መሰኪያው ላይ ሰካሁት፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ የግራ ዓይኔ ሞራ ሊገፈፍ እንደሚችል፣ የቀኙ ግን ባለበት ከቆየ ዕድለኛ እንደሆንኩ ነገረችኝ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። «የወታደር ልብስ እሰፋለሁ» ስላት ቀና ብላ አየችኝ። የግብፅ ወታደር ልብስ የሚሰፋ ሐበሻ ከዚያ በፊት የገጠማት አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የደብረ ዘይት ልጅ ነኝ። አየር ኃይል ስገባ እጄ ለረቂቅ ሥራ የተመቸ ነው ተብዬ ፓራሹት ክፍል ተመደብኩ። እዚያ ሥራው የተቀደደውን መስፋትና ማጠፍ ነው። ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን ትዘረጋለህ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ትለያለህ፣ አየሩን በመዳፍህ እየገፋህ ታስወጣለህ። ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ የነበረው መሣሪያ ሁሉ ይቆጠራል፤ አንድ መንጠቆ ከጎደለ የታጠፈው ሁሉ ተመልሶ ይፈታል። ከዚያ ካርዱ ላይ ትፈርማለህ። አለቃችን ደስ ባለው ቀን ከመደርደሪያው አንዱን ያነሣና «የፈረመበት ሰው ራሱ ይዝለልበት» ይላል። ሁለት ጊዜ ደርሶኝ ዘልያለሁ። አየር ላይ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ጀግንነት አልነበረም፤ ሦስተኛውን እጥፍ በደንብ ተጭኜው ነበር ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቼ ካይሮ ደረስኩ። የስደተኛ መታወቂያ የሆነው ቢጫ ካርድ ተሰጠኝ፤ እሱን ለማሳደስ የቆምኩበትን ሰልፍ ልተወው። ፋይሰል በሚባል ሰፈር ከአራት ሐበሾች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ሰሐን አጠብኩ፣ ሲሚንቶ ተሸከምኩ። ከዚያ አንድ ሰው መስር ጊዲዳ ከሚባለው ሰፈር ወዲያ ደረጃ የሚጠርግ ይፈለጋል አለኝና ሄድኩ። ከማይክሮባሱ ወርጄ መንገዱን ሳልሻገር ራሴ ላይ ሞተር አገሣ። ቀና አልኩ። የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ነው፤ ጎማውን አውርዶ ከረጅም ግንብ ማዶ ሊያርፍ ነው። ሰፈሩ የአየር ምድብ ጎረቤት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። እንባዬ መጣ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆሜ እስኪያርፍ ድረስ አየሁት።

ከምጠርገው ሕንፃ ሥር የልብስ ስፌት ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ኡስታ ነቢል ይባላሉ። ግብፆች የእጅ ባለሙያውን ሁሉ ኡስታ ነው የሚሉት፤ እሳቸው ግን ስሙ የሚገባቸው ሰው ነበሩ። አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። አንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ በሱቁ በር ሳልፍ እጅጌዬን ያዙኝ። ጃኬቴ ክርኑ ላይ ተቀዶ ራሴ ሰፍቼው ነበር።

«ይኼን ማን ሰፋው?»

«እኔ።»

ገለበጡት፣ በመነጽር አዩት፣ በጥፍራቸው ሞከሩት። «የት ተማርክ?»

«ፓራሹት እሰፋ ነበር፤ አገሬ ላይ።»

እጅጌዬን ለቀቁኝ። ከዚያ ባልዲውን ከእጄ ተቀብለው ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። «ደረጃውን ሌላ ሰው ይጥረገው» አሉ። ስሜ ደምሴ ነው፤ እሳቸው ግን ሸምሲ ብለው ሰሙት፣ «ፀሐዬ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ሁሉ ኡስታ ሸምሲ ሆኜ ቀረሁ።

ደንበኞቻችን ከግንቡ ማዶ ያሉት ነበሩ። ለብሔራዊ ግዴታ የመጡ ወጣት ወታደሮች፣ የአውሮፕላን ጠጋኞች፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ወጥ ቤቶች፣ አንዳንዴም አብራሪዎች። ልብሱን የሚሰጣቸው መንግሥት ነው፤ ግን የሚሰጠው ልብስ ማንንም በልኩ አያገኘውም። እኛ እናሳጥራለን፣ እናጠባለን፣ የተቀደደውን እንጠግናለን፣ ማዕረግ እንሰፋለን።

ኡስታ ነቢል ሰው የሚለኩት እንደሌላው ልብስ ሰፊ አልነበረም። ሌላው አቁሞ ይለካል። እሳቸው ያስቀምጡታል፣ ያስጎነብሱታል፣ እጁን ወደ ላይ ያስነሡታል። «ሥራህ ምንድን ነው?» አይሉም፤ ከግንቡ ማዶ ስላለው ነገር መጠየቅ በሱቁ ውስጥ ነውር ነበር። «ሥራ ላይ ስትሆን ሰውነትህ ምን ያደርጋል?» ነው የሚሉት። አንዱ «በጀርባዬ እተኛለሁ» ይላል፤ የጀርባውን ስፌት በድርብ ያስደርጉኛል። ሌላው «ቀኑን ሙሉ እንበረከካለሁ» ይላል፤ ጉልበቱ ላይ ከውስጥ ገበር እንጨምራለን። የሱሪ መስመር እንዳይጠፋ ጨርቁን ገልብጠው በመስመሩ ላይ ደረቅ ሳሙና ያሹበታል፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያውን ያሳርፋሉ፤ አይገፉትም፣ ያሳርፉታል። እኔ ይኼን ለመልመድ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው የሚስተናገደው በመጣበት ተራ ነው። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ መኮንን ሾፌር «የጄነራሉ ልብስ ነው፣ ቶሎ» ብሎ ገባ። ከፊቱ ከገጠር የመጣ ወታደር ሱሪውን ይዞ ቆሟል። ኡስታ ነቢል ለሾፌሩ ወንበር ሳቡለት። «ማሌሽ ልጄ፣ አይክፋህ፣ ተቀመጥ። ጄነራሉም በእሱ ዕድሜ ሳለ እዚሁ ቆሞ ተራ ጠብቋል» አሉት። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሾፌሩ ግን ተቀመጠ።

አንዱ ወታደር ልብሱ ተስተካክሎለት መስታወት ፊት ሲቆም ደግሞ ማንም እንዳይናገረው በእጃቸው ምልክት ይሰጡን ነበር። «ራሱን ይይ» ይላሉ በሹክሹክታ። «እናቱ ከምታየው በፊት እሱ ይይ።»

አሁን የሥራ ዘመኔን ትልቁን ጥፋት ልናገር።

ዒድ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ፈቃድ የተሰጣቸው ወታደሮች ልብሳቸውን ለመውሰድ ተሰልፈዋል። የኡስታ ነቢል ባለቤት ሆስፒታል ስለገቡ ሱቁ ላይ ብቻዬን ነኝ። ሃምሳ አለቃ አሽረፍ የሚባል የአውሮፕላን ጠጋኝ የሥራ ቱታውን ይዞ መጣ፤ የደረት ኪሱ ዚፕ ተበላሽቶበታል። አሽረፍ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ግራሶ ያለበት ሰው ነው። እኅቱ ለዒድ ልትታጭ ስለሆነ ወደ አገሩ ጠንጣ ከተማ ሊሄድ ተቻኩሏል።

አውሮፕላን አጠገብ ለሚሠራ ሰው ልብስ ሕጋችን አንድ ነበር፤ ሊወልቅ የሚችል ነገር አይደረግበትም። ቁልፍ የለም፣ ብረት የለም፤ ዚፕ ብቻ፣ እሱም ጨርቅ ለብሶ። ምክንያቱን ኡስታ ነቢል መጀመሪያ ቀን ነግረውኛል። የአውሮፕላን ሞተር ፊቱ ያለውን ሁሉ ይስባል፤ አንዲት ቁልፍ ከገባች ውስጡን ትበጣጥሰዋለች። ለእኔ ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም ነበር። መንጠቆ የሚቆጠርበት ቤት ነው ያደግኩት።

የኪሱ ልክ የሆነ ዚፕ ግን አልነበረኝም። ገበያ ለመሄድ ሱቁን መዝጋት ነበረብኝ፤ ሰልፉ ደግሞ መንገድ ላይ ወጥቷል። ካብሱን የሚሉት ተጭኖ የሚዘጋ የብረት ቁልፍ በሳጥን ሙሉ አለኝ። አንዱን አነሣሁ። «ለጊዜው ነው፣ ከዒድ በኋላ ዚፕ አደርግለታለሁ» ብዬ በመዶሻ መታሁት። ጨርቁ በመታጠብ ሳስቶ ነበር፤ ከኋላው ገበር ማድረግ ነበረብኝ። እሱንም አላደረግኩም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አሽረፍ አላየውም። አጥፌ ሰጠሁት፣ አመስግኖ ሄደ።

ዒድ አልፎ በሳምንቱ መጣ። ሱቁ ውስጥ እኔና ኡስታ ነቢል ብቻ ነበርን፤ ባለቤታቸው ስለተሻላቸው እሳቸው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። አሽረፍ ቱታውን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የደረት ኪሱ ላይ የካብሱኑ ግማሽ የለም፤ በቦታው ክብ ቀዳዳ አለ።

«ምን ሆነ?» አሉ ኡስታ ነቢል።

«ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል ደረቴን ዳሰስኩ፤ ቁልፉ የለም። በዚያ ቀን ሁለት አውሮፕላን ላይ ሠርቻለሁ። ለአለቃዬ አመለከትኩ። ሁለቱም ታገዱ፣ እኛም መፈለግ ጀመርን። መሬት ላይ በጉልበት እየሄድን፣ በሰልፍ፣ ትከሻ ለትከሻ። በሁለተኛው ቀን ተገኘ፤ አውሮፕላን የሚጎትተው መኪና ጎማ ጥርስ ውስጥ ተሰክቶ።»

«ፈቃድህስ?» አልኩት።

«ተሰረዘ። እኅቴ ያለእኔ ታጨች።»

«ዝም ብትልስ?» አልኩት። ይኼን ለምን እንደጠየቅኩ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሽረፍ ጥያቄው የገባው አልመሰለም። «ዝም ብል አብራሪው በማግስቱ ይነሣል» አለ። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። «ማን ሰፋልህ ብለው ጠየቁኝ። ሳላይ የለበስኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። የመጣሁት እንድታውቁት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ።»

ቱታውን ትቶ ወጣ። ኡስታ ነቢል ወደ እኔ ዞሩ።

«ካብሱኑን አንተ ነህ ያደረግከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

አልጮሁም። ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «የሰውየው መዝገብ ላይ ያንተ ጥፋት ተጽፏል» አሉ። «ነገ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ወደ አየር ምድቡ በር እሄዳለሁ፤ የሱቁ ባለቤት እኔ ነኝ። አንተ ወረቀትህ የስደተኛ ነው፣ ያዕኒ፣ ማለቴ ብትቀር አልቀየምህም።»

ያን ሌሊት ምን እንዳሰብኩ አልደብቅም። የሌላ አገር የአየር ኃይል አባል የነበርኩ፣ በቢጫ ካርድ የምኖር ሰው ነኝ። ወታደራዊ በር ላይ ቆሜ «አውሮፕላናችሁን ላበላሽ ነበር» ስል ምን ሊባል ይችላል? ሊያስሩኝ፣ ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ጠዋት ግን ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ ከሱቁ በር ጠበቅኳቸው። አሽረፍ ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። እሱ ያደረገውን ሳላደርግ ልብሱን እንደገና ልነካው አልችልም።

የምድቡ በር ላይ ዘበኛው ስማችንን ጽፎ ውስጥ ደወለ። ፀሐይ ላይ ረጅም ጊዜ ቆምን። በመጨረሻ አንድ ሻለቃ ወጣ፤ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ የሸሸ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ። ኡስታ ነቢል ሰላምታ ሰጥተው መናገር ሲጀምሩ ክንዳቸውን ነካሁ።

«እኔ ልናገር» አልኩ።

በተሰባበረ አረብኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዚፕ እንዳልነበረኝ፣ ሰልፉን፣ ገበሩን እንደተውኩት። ሻለቃው ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«ስፌት የት ተማርክ?»

«አየር ኃይል። ፓራሹት አጣፊ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ማንም ሊነግርህ አያስፈልግም ነበር» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

ከዚያ የባሰ ነገር በሕይወቴ የተናገረኝ ሰው የለም። ስድብ አልነበረም፤ እውነት ነው።

ሻለቃው ወደ ኡስታ ነቢል ዞረ። ፈቃዱን መመለስ እንደማይቻል፣ በሃምሳ አለቃው መዝገብ ላይ ግን ጥፋቱ የስፌት እንደነበረና እሱ ወዲያው እንዳመለከተ እንደሚያስጽፍ ነገራቸው። ከዚያም «የጠጋኞች ቱታ ለአንድ ዓመት ወደ ሱቃችሁ አይመጣም» አለ። ኡስታ ነቢል «ተገቢ ነው» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ወረቀቴን ማንም አልጠየቀኝም። ስንመለስ ኡስታ ነቢል ሱቁን ሲከፍቱ «ሻይ አፍላ» አሉኝ። ያን ጊዜ እንዳላባረሩኝ ገባኝ።

ያ ዓመት ረጅም ነበር። የወጥ ቤቶችን ሽርጥ፣ የወታደሮችን ሱሪ ብቻ ሰፋን። ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ «ለጊዜው» የሚባል ስፌት ከእጄ አይወጣም። የምችለውን አደርጋለሁ፣ የማልችለውን «አልችልም፣ ሌላ ሱቅ ውሰደው» እላለሁ። ዓመቱ ሲሞላ በመጀመሪያው ጠዋት ሱቁን ስንከፍት ደጃፉ ላይ ቆሞ የጠበቀን አሽረፍ ነው። ሁለት ቱታ ይዟል።

«ዚፕ አለህ?» አለኝ።

«በየልኩ አለኝ።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። የእኅቱ ሠርግ ደርሶ ነበር። ለዚያ ሠርግ የለበሰውን ሙሉ ልብስ እኔና ኡስታ ነቢል ሰፋንለት፤ ጠንጣ ድረስም ሄድን። ሙሽራዋን ወንድሟ ለባሏ ሲያስረክባት ኮቱ ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ አይቼ ልቤ ሞላ።

ኡስታ ነቢል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ከመኮንን እስከ ተራ ወታደር የመጣው ሰው መንገዱን ሞላው፤ አብዛኛው የለበሰውን የሰፋነው እኛ ነን። ቤተሰባቸው ሱቁን ለእኔ አከራየኝ። ስማቸው በሩ ላይ እንዲቆይ ለመንኩ፣ ቆየ።

ብቻዬን በሠራሁባቸው ዓመታት የከበደኝ የግድቡ ወሬ በቴሌቪዥን የጋለበት ሰሞን ነው። አንድ ወጣት መኮንን ሸሚዝ ሊያስጠብብ መጥቶ «አነጋገርህ የዚህ አገር አይደለም፤ ከየት ነህ?» አለኝ። ስነግረው ሸሚዙን ከእጄ ወሰደና ወጣ። አልተሳደበም፤ ተመልሶም አልመጣም። በዚያው ቀን ከሰዓት አሽረፍ ገባ። ፊቴን ሲያይ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ለማሳጠር ያመጣውን ሱሪ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ሸምሲ፣ እኔ ወታደር ነኝ። የታዘዝኩትን እሠራለሁ፤ ይኼን አልዋሽህም» አለ። «ግን አንድ አውሮፕላን ከእጄ በወጣ ቁጥር የማደርገው ዱዓ አንድ ነው። በማንም ላይ ሳይተኩስ እንዲመለስ።»

«እኔም እሱኑ ነው የምጸልየው» አልኩት።

«እንግዲያው ሁለት ጣት አሳጥርልኝ» ብሎ ሱሪውን ሰጠኝ።

ብዙ ሰው «ከአገርህ ጋር ሊጣላ ለሚችል ሠራዊት እንዴት ሰፋህ?» ለሚል ጥያቄ ትልቅ መልስ ይፈልጋል። እኔ የማውቀው ሁለታችን በዚያ ቀን የተባባልነውን ብቻ ነው። የወታደርን አገልግሎት ማክበር ማለት ጦርነትን መውደድ አለመሆኑን ያስተማረኝ አሽረፍ ነው።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ዓይኔ ሲደክም ሱቁን ለመዝጋት አሰብኩ። የወታደር ልብስ አሁን ከፋብሪካ በየልኩ እየመጣ ነው፤ የሚቀረን ማሳጠርና መጠገን ነው። ቢሆንም ሥራ አልጠፋም። አባሲያ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ «ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች ልብስ ሰፊ አለች፤ ፋይሰል ሰው ተጠግታ ነው ያለችው» አሉኝ። ስሟ ሰብለ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ካርቱም ውስጥ የራሷ ሱቅ ነበራት። መጥታ አንድ ቅምቅማት ስትሠራ አየኋት፤ ከእኔ ትበልጣለች። ደስ አለኝ፣ ወዲያው «ነገ ጀምሪ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ገና ክሩን ስታስገባ የመጀመሪያው አውሮፕላን ተነሣ። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ሥር ገብታ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች።

ድምፁ ካለፈ በኋላ ወጥታ ልብሷን አራገፈች። «ይቅርታ ጋሽ ደምሴ» አለች። «እዚህ መሥራት አልችልም።»

«እነዚህ የኛ ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አሽረፍ፣ ስለ ሰልፉና ስለ ፍለጋው ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ካርቱም ላይ የሚበሩትም የሚያከብራቸው ጎረቤት ይኖራቸዋል» አለች። «እኔ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ነው ጣሪያው የወረደው። ሠራተኛዬ ውስጥ ነበረች።»

ሠላሳ ዓመት የወደድኩት ድምፅ ለሌላ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ይኼን ስጽፍ እንኳ እፍረቱ አለብኝ። «የቀኑን ክፍያ ልስጥሽ፤ ከፈለግሽም ሌላ ሥራ አብረን እንፈልግ» አልኳት። ቦርሳዋን አነሣች።

አሽረፍ ያን ጊዜ ገባ። እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ጠዋት ጠዋት ሱቁ መጥቶ ጋዜጣ ማንበብ ልማዱ ነው። ሰብለ የሱዳን አረብኛ እንደ ውሃ ስለምትናገር አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ምን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ራሷ መለሰችለት፣ ለእኔ የነገረችኝን ሁሉ።

አሽረፍ ኮፍያውን አወለቀ። «በአንቺ ላይ የሆነውን ማንም ሊያስረሳሽ አይችልም፤ እኔም አልሞክርም» አላት። «እኔ የማውቀው ድምፅ ብቻ ነው። ሥራዬ እሱ ነበር። አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ተቀመጪ፤ ከዚያ ብትሄጂ እኔ ራሴ ሜትሮ ባቡሩ ድረስ አደርስሻለሁ።»

ወንበሯን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። ድምፅ ሲመጣ አሽረፍ ዓይኑን ይጨፍንና ይናገራል። «ይኼኛው አይበርም። መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ እየተፈተሸ ነው። ስሚ፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከቦታው አይነቃነቅም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ይኼ ማመላለሻ ነው፤ ሊያርፍ ነው። ጎማውን ሲያወርድ ድምፁ ይሻክራል። አሁን… ሰማሽው?»

ሰብለ ዓይኗን ከጣሪያው ሳታነሣ «ሰማሁት» አለች።

«እንግዲህ ወደ ቤቱ እየገባ ያለ ሰው ነው» አላት።

አንድ ሰዓቱ አልፎ ቀትር ሆነ። ሜትሮ ድረስ ሸኛት። በማግስቱ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ መጣች። «ሲያርፉ ሲያርፉ ችያለሁ» አለችኝ። «ሲነሡ ግን እወጣለሁ፤ እንዳትቆጣኝ።» አልተቆጣሁም። ለብዙ ሳምንታት አውሮፕላን ሲነሣ መርፌዋን ሰክታ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ አሽረፍ ሻይ ይዞ ይከተላታል፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አትመጣም ነበር። ቀስ በቀስ የምትወጣባቸው ጊዜያት እያነሱ ሄዱ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልብ አላልኩም።

የግራ ዓይኔን ሞራ ላስገፍፍ ሆስፒታል ከምገባበት አንድ ቀን በፊት ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስትሠራ አያት ነበር። ከመንሱራ ከተማ የመጡ አንዲት እናት የወታደር ልጃቸውን ሱሪ ይዘው ገቡ። ልጁ የሥልጠና ምረቃ አለው፤ ሱሪው ረዝሞበታል። ሰብለ አስቀመጠቻቸው፣ ስለ ልጁ ቁመት ጠየቀቻቸው፣ ሱሪውን ገልብጣ መኪናው ላይ አደረገች።

መሐል ላይ ከግንቡ ማዶ አንድ አውሮፕላን ተነሣ። ትልቅ ነበር፤ የመስታወቱ ጠርዝ ተንቀጠቀጠ። ሰብለ እግሯን ከመኪናው ላይ አነሣች፣ ሁለት መዳፏን ጨርቁ ላይ ዘርግታ ወደ ጣሪያው አየች። ሴትየዋም ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ መነሣት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ሴትየዋ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ፈጣሪ በሰላም ይመልሳቸው» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ።

ሰብለ አየቻቸው።

«አሚን» አለች፤ ከዚያም መስፋቷን ቀጠለች።